ለገጠር ቤተክርስቲያን የውጭ ፈንድ የጠየቀ ሰው አለ?

ዘሞጣ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች። ከሞጣ ወጣ ብሎ ያለ የገጠር ደብር የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ አርገውኝ ነው፣ ያው ኮምፒውተር ይችላል ተብዬ። ቆርቆሮው ዝጎ ክረምት ላይ መቅደሱ ድረስ ያፈሳል፣ ብራናዎቹ ያሉበት ዕቃ ቤት የጭቃ ነው ምስጥ ገብቶበታል፣ የኔታ ጋ ያሉት የቅኔ ተማሪዎች ጎጆም ዘሟል። ገበሬው የቻለውን ሰጥቷል፣ አሁን የማዳበሪያው ብር ራሱ አጥሮታል። አንድ ከባህር ዳር የመጣ ልጅ "ለፈረንጅ ድርጅት ፕሮፖዛል ጻፉ ፈንድ ሞልቷል" አለንና አንድ ደብዳቤ አዘጋጅቼ ለሁሉም በኢሜል ልበትነው ስል ሽማግሌዎቹ ቆይ መጀመሪያ ሰው ጠይቅ አሉኝ። እስቲ ምን ትላላችሁ?

ጮቄ_ነኝ፦
ወንድማለም ሽማግሌዎቹን ስማቸው። አብዛኛው ለጋሽ ለአምልኮ ብር አንሰጥም ብሎ መመሪያው ላይ ጽፎታል፣ "ቤተክርስቲያናችንን እርዱልን" ብለህ ከጀመርክ ሁለተኛው ገጽ ሳይነበብ ቀረ ማለት ነው። ያንተ ደግሞ ሶስት ጉዳይ ተደባልቆ ነው ያለው፣ ለየው። ለብራናው ብሪቲሽ ላይብረሪ ከ2004 እ.ኤ.አ ጀምሮ የሚያካሂደው ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብት ፕሮግራም አለ፣ መጽሐፉ ከአገር ሳይወጣ ፎቶ ይነሳና ዲጂታል ኮፒው ይቀመጣል፣ ዕቃ ቤት ግን አይሠራልህም እንዳትጠብቅ። እዛ ማመልከቻ አጻጻፉ የተመራማሪ ሥራ ስለሆነ ባህር ዳር ወይ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ሰው ፈልግ። የአሜሪካ አምባሳደሮች የባህል ቅርስ ጥበቃ ፈንድም ላሊበላ ላይ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን አግዟል፣ ሃይማኖታዊ ቦታ የሚቀበለው በታሪክነቱና በቅርስነቱ ነው እንጂ አዲስ ሕንፃ አይነካም። ዘንድሮ ጥሪ ይኑር አይኑር ግን ኤምባሲውን ጠይቅ። ለመሆኑ ደን አላችሁ? ደቡብ ጎንደር እነ ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ከውጭ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ለቤተክርስቲያን ደን የድንጋይ አጥር አሳጥረዋል፣ የደን ለጋሽ ከቆርቆሮ ለጋሽ ይበዛል ስልህ።

ሒሳብ_ሹሟ፦
እኔ የምለው ብሩ ቢመጣስ የት ይገባል? በግለሰብ አካውንት እንዳታስቡት። በደብሩ ስም፣ ቢያንስ ሁለት ሰው ፈርሞ የሚያወጣው ይሁን፣ የደረሰኝ ጥራዛችሁንም አስተካክሉ። ሕጋዊ ሰውነት (በራስ ስም ንብረት መያዝና ውል መግባት መቻል) ላይ አትጨነቁ፣ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 398 ቤተክርስቲያኗን በሕግ ሰው ናት ይላል፣ ለጋሹ የሚፈልገው ግን ኦዲትና የሀገረ ስብከት ደብዳቤ ነው። ስለዚህ በወረዳ ቤተ ክህነት አድርጋችሁ ሀገረ ስብከት ግቡ፣ ተለቅ ላለ ፕሮጀክት ደግሞ የቤተክርስቲያኗ የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን አለ፣ ከፈረንጅ ድርጅት ጋር መሥራት የነሱ ሥራ ነው። ሕንፃው አሮጌ ከሆነና ቅርስ ተብሎ ከተመዘገበ ደግሞ ቆርቆሮ ከመንካታችሁ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ አውጡ፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ 209/1992 አለ፣ በጎ ብላችሁ ስትጠግኑ እንዳትከሰሱ። በጀቱ ላይ ገበሬው ያወጣውን እንጨት፣ ድንጋይና ጉልበት በብር ተምኑና የኛ ድርሻ ብላችሁ ጻፉት። ያንን ሁሌ ትረሱታላችሁ።

የቆሎ_ተማሪ፦
አኩፋዳ ይዤ ቁራሽ ለምኜ ነው ቅኔ የተማርኩት እና ስለ ጎጆው ልናገር። የተማሪ ጎጆ ለመሥራት ፈረንጅ አያስፈልግም ባይ ነኝ፣ የአካባቢው ተወላጅ አዲስ አበባና አሜሪካ ሞልቷል፣ በስልክ ግሩፕ ሰብስቡት፣ ፎቶና የእንጨቱን ዋጋ ላኩለት፣ ማይክራፎን ይዞ አስፋልት ላይ ከመጮህ ይሻላል (ያ ነገር ሰው አሰልችቷል እውነቱን ለመናገር)። ብራናው ላይ ግን እኔም እንደ ሽማግሌዎቹ እፈራለሁ። ፎቶ ላንሳ ብሎ የመጣ ሁሉ አይታመንም፣ የሀገረ ስብከትና የቅርስ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያልያዘ ሰው ዕቃ ቤት አይግባ፣ መጀመሪያ ራሳችሁ እያንዳንዱን መጽሐፍ በመዝገብ ጻፉት፣ ስሙን፣ መጠኑን፣ ሽፋኑን።

ዘሞጣ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ። ደኑ አለ፣ ጥድና ወይራ ነው፣ ከብት እየገባ ነው እንጂ፣ እንደ ገንዘብ ማምጫ አስበነው አናውቅም። የሰበካ ጉባኤው ስብሰባ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፣ ቆርቆሮውን ለተወላጆች ግሩፕ፣ ብራናውን ለዩኒቨርሲቲ ብለን ለይተን እንነጋገራለን። ምስጡን ግን ፈንዱ እስኪመጣ ምን እናርገው? ብራና ያለበት ቤት መድኃኒት ይረጫል ወይ?

ጮቄ_ነኝ፦
እንዳትረጩ! ብራና ቆዳ ነው፣ ኬሚካል ያበላሸዋል። መጻሕፍቱን ከወለልና ከግድግዳው አርቃችሁ ከፍ ያለ የእንጨት መደርደሪያ ላይ አውጧቸው፣ በየጊዜው ፈትሹ፣ ስለ ግድግዳው የግብርና ባለሙያውን ጠይቁት።