ጥሩ ካርታ ስይዝ አይከፍሉኝም፣ ብለፍ ሳደርግ አይለቁኝም፤ ምን ይሻለኛል?

ጥያቄ ከየሌሊት ሹፌር

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ሌሊት ታክሲ እነዳለሁ፤ እረፍት ስሆን ቤቴ ቁጭ ብዬ በስልኬ ፖከር እጫወታለሁ። ቴክሳስ ሆልደም ነው፣ የፈለጉትን ያህል የሚመደብበት። ደረጃዬ ከታች የመጨረሻው ነው፤ ብላይንዱ (ካርታ ሳይታይ ሁለት ሰው በግድ የሚያስቀምጠው ብር) 1 ሳንቲም እና 2 ሳንቲም። የምቀመጠው በ2 ዶላር ነው። በ50 ዶላር ጀምሬ በአንድ ወር 31 ዶላር ቀርቶኛል። ያንገበገበኝ ብሩ አይደለም፣ ለምን እንደምበላ አለማወቄ ነው።

ሁለት ጨዋታ ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ሁለት ኤስ ደረሰኝ። ከፍ ባደርግ ሁሉም ይሸሻል ብዬ 2 ሳንቲሟን ብቻ ጣል አድርጌ ዝም አልኩ። አራት ሰው አብሮኝ ገባ። ፍሎፑ (መሐል ላይ ለሁሉም የሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች) 9፣ 8፣ 6። አሁንም አድፍጬ ቼክ አልኩ፣ ማለት ሳልመድብ አለፍኩ። አንዱ መደበ፣ ጨመርኩበት፣ እሱም መልሶ ጨመረ፣ መጨረሻ ላይ ያለኝን ሁሉ አስገባሁ። ሰውዬው ለካ 10 እና 7 ይዟል፤ ከ6 እስከ 10 ተከታታይ መስመር ሠርቷል። ያውም የተለያየ ዓይነት! 2 ዶላሬ ሄደች።

በሁለተኛው 10 እና 9 ይዣለሁ፣ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ፍሎፑ ኪንግ፣ 7፣ 5። ምንም የለኝም። ብለፍ አደረግኩ፤ ኪንግ የያዝኩ መስዬ መደብኩ፤ ተከተለኝ። ተርን (አራተኛዋ ካርታ) ላይ 2 ወጣ፤ መደብኩ፣ ተከተለኝ። ሪቨር (አምስተኛዋና የመጨረሻዋ ካርታ) ላይ 3 ወጣ፤ የቀረኝን በሙሉ ገፋሁት። ዓይኑን ሳያሽ ተከተለኝ። ምን ይዞ? አንዲት ጥንድ 5!

ቪዲዮ ላይ የማያቸው ሰዎች ጥሩ ካርታህን ደብቅ፣ ባዶህን ስትሆን አስፈራራ ይላሉ። እኔ ጋ ግን ሁለቱም አልሠሩም። የት ጋ ነው የምሳሳተው?

መልስ ከአዳይ

ጎረቤቴ፣ እንኳን ጠየቅክ። እኔም እዚሁ ከተማ ካሲኖ ውስጥ ካርታ አዳይ ነኝ። ሐበሻ አዳይ እዚህ ብርቅ እንዳልሆነ አንተም ታውቃለህ። ፀጉሬ የሸበተው ትንንሽ ብር የሚመደብበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ያየሁትን ልንገርህ፦ ትንሽ ብር ይዞ የሚመጣ ሰው ካርታ ሊጥል አይመጣም። ሥራ ውሎ ደክሞታል፣ መጫወት ነው የሚፈልገው። "ምን ይዞ ይሆን?" የምትለዋ ነገር ካልተመለሰችለት እንቅልፍ አይወስደውም። ስልክ ላይ ደግሞ ይብሳል። ያችን ለማየት 40 ሳንቲም መክፈል ማንን ይጎዳል?

አንተ ታዲያ ነገሩን ገለበጥከው። መክፈል ለሚወድ ሰው ጥሩ ካርታህን ደበቅክበት። መጣል የማይወደውን ደግሞ ጣል ብለህ ለመንከው።

ሁለት ኤስ በአማካይ ከ221 አንዴ ነው የሚደርስህ። ያቺን ቀን በ2 ሳንቲም ማሳለፍ ኃጢአት ነው። ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ብትቀር፣ እሱ የያዘው ያገኘውን ቢሆን፣ ካርታው እስከ መጨረሻው ሲገለጥ ከ100 ወደ 85 ጊዜ ታሸንፋለህ። አራት ሰው ስታስገባ ግን ወደ 56 ትወርዳለህ። ስለዚህ ከፊትህ የገባ ከሌለ 6 ሳንቲም በል። የገባ ካለ ለእያንዳንዱ 2 ሳንቲም ጨምርበት። ባለ 10 እና 7ቱ ሰውዬ ይሸሽ ነበር ወይ? ምናልባት። ካልሸሸም በውድ ይገባ ነበር።

ደግሞ 19 ዶላር መበላትህ አያስደንግጥህ። ዘጠኝ ተኩል መግቢያ ማለት ነው። ደህና የሚጫወትም ሰው እንዲህ ዓይነት ወር ይገጥመዋል።

መልስ ከቁጥር ወዳድ

አዳይ ያለውን በቁጥር ልደግፈው። ፖቱ (መሐል የተሰበሰበው ብር) 20 ሳንቲም ነው እንበል። ጥሩ ካርታ ይዘሃል፣ አንድ ተከታይ አለህ። በየዙሩ የፖቱን ሁለት ሦስተኛ ያህል መድብ። ፍሎፕ ላይ 13 ሳንቲም ትላለህ፣ ይከተልሃል፣ ፖቱ 46 ይሆናል። ተርን ላይ 30 ትላለህ፣ ፖቱ 106 ይገባል። ሪቨር ላይ 70። ከኪሱ ያወጣኸው 113 ሳንቲም ነው።

አሁን ፍሎፕ ላይ አድፍጠህ ቼክ አልክ እንበል። የሚቀሩህ ሁለት ዙሮች ናቸው፤ 13 እና 30። ድምሩ 43። አንዷ ዝምታ 70 ሳንቲም አስቀረችብህ። ፖት የሚያድገው እንደ በረዶ ናዳ ነው፣ ቀድሞ መጀመር አለበት። (በረዶ ማለቴ ቶሮንቶ ስለምኖር ነው፣ ይቅርታ።)

ብለፍን በተመለከተ ደግሞ አንድ ቀላል ስሌት ያዝ። የምትመድበውን፣ የምትመድበው እና ፖቱ ተደምረው ለሚሰጡት አካፍል። ፖቱ 20 ሆኖ 10 ብትመድብ፣ 10 ለ30 ነው። ከሦስት አንዴ ከጣለልህ አትከስርም። 20 ብትመድብ ግን ከሁለት አንዴ መጣል አለበት። ጥንድ 5 ይዞ ሁለቴ የተከተለህ ሰው ሦስተኛው ላይ ከሁለት አንዴ ይጥላል? እኔ በዚያ ላይ 2 ዶላር አላስይዝም።

ብለፍ ካማረህ የሚያድግ ካርታ ይዘህ አድርገው። ለምሳሌ በእጅህ ሁለት ልብ አለ፣ ፍሎፑ ላይም ሁለት ልብ ወጣ። ካላየሃቸው 47 ካርታዎች 9ኙ ልብ ናቸው። በሚቀጥለው ካርታ አምስት ልብ የመሙላት ዕድልህ 19 በመቶ ገደማ ነው፣ በሁለቱ ካርታ ደግሞ 35 በመቶ። ቢጥል በላህ፤ ባይጥልም ልብ ልትመጣልህ ትችላለች። አንተ ግን በ10 እና 9 መስመር ለመሥራት 8 እና 6፣ ወይም ጃክ እና 8፣ ወይም ኩዊን እና ጃክ ተከታትለው እንዲመጡልህ መጠበቅ ነበረብህ። ተርን ላይ 2 ሲወጣ እሷም ተስፋ ሞተች። እዚያው ማቆም ነበረብህ።

መልስ ከየፍራንክፈርቷ

ወንዶቹ ሁሉ ስለ መመደብ አወራችሁ፣ ስለ መጣል ማንም አላወራም።

ወንድሜ፣ ያንተ ትልቁ ስህተት መጀመሪያ ላይ ዝም ማለትህ አይደለም። አምስት ሰው ባለበት 9፣ 8፣ 6 ወጥቶ፣ ጨምረህበት መልሶ ሲጨምርብህ አለመሸሽህ ነው። ፍሎፕ ከወጣ በኋላ ሁለት ኤስ አንድ ጥንድ ብቻ ናቸው። ካርታው ቆንጆ ስለሆነ ሰው ያገባው ይመስል አይለቀውም። እኔም ስንቴ አልቅሼበታለሁ መሰላችሁ።

አሁን አንድ ሕግ አለኝ። በዚህ ደረጃ ሲከተል ብቻ የቆየ ዝምተኛ ሰው ተርን ወይም ሪቨር ላይ ድንገት ትልቅ ከጨመረ፣ አለው። ብለፍ አይደለም። ትንሽ ብር የሚጫወት ሰው ብለፍ የሚያደርገው ሲመድብ ነው እንጂ የሰው ምድብ ላይ ሲጨምር እምብዛም ነው። ይህን ከገባኝ ወዲህ አንድ ጥንዴን፣ አንዳንዴም ሁለት ጥንዴን ጥዬ እሄዳለሁ። ተታልዬ ሊሆን ይችላል፤ ግድ የለም፣ አንድ ጊዜ ይብላኝ።

እኔ ብለፍ የማደርገው እንዲህ ነው። ከፍሎፕ በፊት ጨምሬያለሁ፣ የተከተለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ፍሎፑ ደግሞ ደረቅ ነው፤ ካርታዎቹ የማይያያዙ፣ እንደ ኪንግ፣ 7፣ 2 ያለ። የፖቱን ሲሶ እመድባለሁ። ከአራት አንዴ ቢጥልልኝ ይበቃኛል። ከተከተለኝ አበቃ፣ ቼክ እያልኩ እወጣለሁ። ሁለት ሰው ከተከተለኝ ደግሞ ጭራሽ አልሞክረውም።

ብዙ ቦታ የተጫዋች ስም ላይ ማስታወሻ መጻፊያ አለ፤ ተጠቀምበት። በጥንድ 5 የተከተለህን ሰውዬ ዛሬውኑ "ብለፍ ክልክል" ብለህ ጻፍበት። በሚቀጥለው ስትጫወት እሱ ያለበትን ጠረጴዛ ፈልገህ ተቀመጥ፤ ጥሩ ካርታ ስትይዝ ይከፍልሃል። ደንበኛህ ነው።

መልስ ከየፒያሳ ልጅ

እኔ ግን ማድፈጥን እንዲህ ከምድረ ገጽ ስታጠፉት አልስማማም። አንዳንድ እብድ አለ፤ ካርታ አየ አላየ በየዙሩ ይመድባል። እሱ ፊት ጥሩ ካርታ ይዘህ ለምን ትጨምራለህ? ዝም ብለህ ተከተል፣ ራሱ ብሩን አምጥቶ ያስረክብሃል። ባለፈው ሳምንት አንዱን ሦስት ጎረምሳ ጃክ ይዤ እስከ ሪቨር ሸኘሁት። ምስኪን።

መልስ ከአዳይ

የፒያሳው ልክ ነው። እብድ ካለ ዝም በል፣ አታባርረው። አንድ ሌላም ጊዜ አለ፦ ፍሎፑ ላይ ጥሩውን ሁሉ አንተ ብቻህን ስትወስደው። ሁለት ኪንግ ይዘህ ኪንግ፣ ኪንግ፣ 4 ቢወጣ ሌላው ሰው በምኑ ይከተልሃል? እስኪይዝ አንድ ካርታ ስጠው። ከነዚህ ውጭ ግን መድብ። እዚያ ደረጃ ላይ እብዶች ከሚከተሉት ሰዎች ያንሳሉ።

ጥያቄ ከሌላ አንባቢ

ከርዕስ ልውጣ። እኔ ቨርጂኒያ ነኝ። እንደ ሹፌሩ በስልኬ መጫወት እችላለሁ?

መልስ ከአዳይ

ቨርጂኒያ ሆነህ በፈቃድ በሚሠራ ጣቢያ አትችልም። አሜሪካ ውስጥ የኦንላይን ፖከር ፈቃድ የሚሰጠው በየስቴቱ ነው። ኔቫዳ፣ ኒው ጀርሲ እና ዴላዌር በ2013 ጀመሩ፣ ፔንሲልቫኒያ በ2019። ሚሺጋንም ተከትሏል። ስልክህ ያለህበትን ቦታ እያየ ነው የሚያስገባህ። ፈቃድ ሳይኖረው "ና" የሚልህ ጣቢያ ካለ ብርህን ለማስመለስ ለማን እንደምትከስ መጀመሪያ አስብ።

ከየሌሊት ሹፌር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፍራንክፈርቷ እህቴ፣ ማስታወሻውን ጽፌበታለሁ። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ፦ ትንንሽ ጥንድ፣ ለምሳሌ ሁለት 4 ሲደርሰኝስ?

መልስ ከቁጥር ወዳድ

በርካሽ ከሆነ ግባ። ሦስተኛዋ 4 ፍሎፕ ላይ የምትመጣው ከ8 ወይም ከ9 አንዴ ነው። ካልመጣች ጣል፣ አትከራከር። ከመጣች ያኔ አታድፍጥ፤ ከፍሎፕ ጀምረህ መድብ። ኤስ እና ኪንግ የያዘ ሰው ጥንዱን አግኝቶ ከሆነ ሦስት 4 እንደያዝክ አይጠረጥርም። አንድ ነገር ግን ተመልከት፦ የምትከተለው ሰው ፊት ለፊቱ ያለው ብር ምን ያህል ነው? ለመግባት ከምትከፍለው 15 ወይም 20 እጥፍ ካልሆነ ብትመታም አይከፍልህም።

ከየሌሊት ሹፌር

ትናንት ሌሊት የሆነውን ስሙኝ። እንደገና ሁለት ኤስ ደረሰኝ! ሦስት ሰው በ2 ሳንቲም ገብቷል። ጋሼ አዳይ እንዳሉኝ ቆጥሬ 12 ሳንቲም አልኩ። ሁሉም ጣለ። አንድ እንኳ አልቀረም። 9 ሳንቲም በላሁ። በኤስ 9 ሳንቲም!

መልስ ከአዳይ

ያው ነው፣ አንዳንዴ ይጥላሉ። በሚቀጥለውም 12 በል። ደግሞ ፍሎፕ ሳይወጣ ባለቀ ካርታ ላይ ቤቱ ብዙ ጊዜ ኮሚሽን አይቆርጥም። 9ኙም ሙሉ ነው የደረሰህ፣ እስቲ ሒሳብህን ተመልከት።

ከየሌሊት ሹፌር

አየሁት ጋሼ፣ ሙሉ 9 ነው። ባለ ጥንድ 5ቱ ሰውዬም ጠረጴዛው ላይ ነበር። እሱም ጣለብኝ!

መልስ ከየፍራንክፈርቷ

እሱን ካርታህ ሳይሆን ማስታወሻህ ነው ያስፈራው።