ቤዝመንት ያለው የጋዝ ፈርነስ፣ የእናቴ የጠዋት ራስ ምታትና በብርድ ልብስ የሸፈንኩት በር

የአውሮራው፦

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው መጋቢት በኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ በ1980ዎቹ የተሠራ ቤት ገዝተን ስለገባን የብርዱን ወራት በዚህ ቤት ስናሳልፍ ዘንድሮ የመጀመሪያችን ነው። ቤቱ የሚሞቀው ቤዝመንት ውስጥ ባለ የጋዝ ፈርነስ ሲሆን ከጎኑ በጋዝ የሚሠራ የውኃ ማሞቂያ ጋንም ቆሟል። ሁለቱ የተቀመጡት ቁም ሣጥን በምታክል ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ በሩም አየር እንዲያሳልፍ ተብሎ በቀጫጭን ጣውላ የተረበረበ ነው።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ከዚያች ክፍል አጠገብ ባለው መኝታ ቤት ያድራሉ። ፈርነሱ ሌሊት በተነሣ ቁጥር ድምፁ እንቅልፍ ስለነሣቸው ከሦስት ሳምንት በፊት በሩን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኜ ከሥሩ ፎጣ ጠቀጠቅኩበት። ድምፁ ቀነሰ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር እያሳሰበኝ ነው። አንደኛው፣ ፈርነሱ እሳቱ ከተያያዘ በኋላ አምስት ስድስት ሰከንድ ቆይቶ ድርግም ይላል፤ ይህን ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋግም ቆይቶ ጭራሹን ዝም ይላል፤ አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ሲሠራ ያድራል። ሁለተኛው፣ እናቴ ጠዋት ሲነሡ ራሳቸውን ያማቸዋል። እርሳቸው «የአገሩ አየር ነው» ይላሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም እኅቴ ቤት ሲውሉ ግን ይተዋቸዋል።

አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም፤ ኮሪደሩ ላይ የነበረው አላርም ቡና በተቆላና ዕጣን በጨሰ ቁጥር ስለሚጮህ ባትሪውን አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጥኩት ሁለት ወር ሆኖታል። ጥገና የጠየቅሁት ድርጅት ቀጠሮ የሰጠኝ ከአራት ቀን በኋላ ነው። እስከዚያ የፈርነሱን የአየር ማጣሪያ (ፊልተሩን) ብቀይረው ይበቃል? ወይስ ፈርነሱን አጥፍቼ የወጥ ቤቱን ኦቭን ከፍቼ ቤቱን ላሙቅ?

ባለመፍቻው፦

ወንድሜ፣ ይህን ሲያነቡ ፈርነሱንም የውኃ ማሞቂያውንም ያጥፉ፣ እናትዎንና ቤተሰቡን ይዘው ከቤት ይውጡ፣ ከውጭ ሆነው 911 ይደውሉና ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝ እንደሚጠረጥሩ ይናገሩ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መለኪያ ይዘው ይመጣሉ። ቀሪውን ጽሑፌን መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሊያነቡት ይችላሉ፤ መኪናው ግን ጋራዥ ውስጥ እንዳይሆን።

በቨርጂኒያ የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ በመጠገን ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ የእርስዎን ዓይነት የተሸፈነ በርም ከአንድ ጊዜ በላይ በእጄ ገልጫለሁ። ሁለቱ ችግሮች አብረው ስለታዩ አንድ ምክንያት ያላቸው ይመስላል፤ እኔ ግን ለየብቻ ነው የማያቸው። ከአምስት ሰከንድ በኋላ መጥፋቱ የፍሌም ሴንሰር ጠባይ ነው። ይህ እሳቱ ውስጥ የሚገባ፣ ከእርሳስ የቀጠነ የብረት ዘንግ ሲሆን በነበልባሉ በኩል በማይክሮአምፒር የሚለካ እጅግ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ያልፍበታል። ዘንጉ ነጭ ቅርፊት ሲይዝ ጅረቱ ይደክማል፤ መቆጣጠሪያው ካርድም «እሳት የለም፣ ጋዙ እንዲሁ እየፈሰሰ ነው» ብሎ ቫልቩን ይዘጋል። ኤሌክትሪኩንና ጋዙን አጥፍቶ፣ በአንድ ብሎን የተያዘውን ዘንግ አውጥቶ በደቃቅ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ቀስ ብሎ መጥረግ ነው መፍትሔው። በብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፍጉ አሉ፤ ይፋቅና ቅርፊቱን ቶሎ መልሶ ይይዛል።

ራስ ምታቱን በተመለከተ ግን ይበልጥ የምጠረጥረው ጸጥ ብሎ የሚሠራውን የውኃ ማሞቂያ ነው። በዚያ ዘመን የተሠሩት አብዛኞቹ ማራገቢያ የላቸውም፤ የተቃጠለው አየር ወደ ጭስ ማውጫው የሚወጣው ትኩስ ስለሆነ ብቻ ነው፤ ጋኑ አናት ላይም ቧንቧው ከመጀመሩ በፊት ክፍት ቦታ አለ። ፈርነሱ ግን ከእሳቱ በፊት የምትነሣ ትንሽ ማራገቢያ ስላለችው አየር በጉልበት ይስባል። እርስዎ በሩን ሲያሽጉት ማራገቢያዋ የምትስበውን አየር ከየት ታምጣ? የቀረላት ክፍት መንገድ የውኃ ማሞቂያው ጭስ ማውጫ ነው፤ ስለዚህ ወደ ላይ መውጣት የነበረበት ጭስ ወደ ታች ይመለሳል። በዚህ ላይ አየር ያጣ እሳት ጋዙን አሟልቶ አያቃጥለውም፤ ጋዙ በቂ ኦክስጅን ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውኃ እንፋሎት ይሆናል፣ ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ነበልባሉ ከሰማያዊነት ወደ ቢጫና ብርቱካንማ ከዞረ አንዱ ምልክት ነው፤ ሰማያዊ መሆኑ ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

መጠኑን በቁጥር ላሳይዎ። ፈርነሱ በሰዓት 80,000 ቢቲዩ (ቢቲዩ የሙቀት መለኪያ ነው)፣ የውኃ ማሞቂያው 40,000 ቢቲዩ ቢሆኑ በአሜሪካ የጋዝ ደንብ የቆየው ስሌት ለእያንዳንዱ 1,000 ቢቲዩ 50 ኪዩቢክ ጫማ የአየር ቦታ ይጠይቃል። ይህም 6,000 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም ወደ 170 ሜትር ኩብ ነው፤ ጣሪያው 8 ጫማ ከሆነ 750 ካሬ ጫማ ወለል ያለው ክፍል እንደ ማለት። የእርስዎ ቁም ሣጥን የዚህን ጥቂት ክፍልፋይ እንኳ አይሞላም። ጠባብ ክፍል የሚፈቀደው ከጣሪያው አጠገብ አንድ፣ ከወለሉ አጠገብ አንድ ክፍተት ተደርጎ ከሰፊው ቤት አየር እንዲያገኝ ሲሆን ነው፤ በእርስዎ መሣሪያዎች ልክ እያንዳንዱ ክፍተት ቢያንስ 120 ካሬ ኢንች መሆን ይኖርበታል። ያ የተረበረበው በር ለጌጥ የተሠራ አልነበረም።

ኦቭኑን ፈጽሞ አይክፈቱ። ፈርነስ የተቃጠለውን አየር በቧንቧ ወደ ውጭ ይሸኛል፤ ኦቭን ያለውን ሁሉ እርስዎ በሚተነፍሱት አየር ላይ ይለቃል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ቴክሳስ ላይ መብራት በጠፋ ጊዜ ሰዎች ቤታቸውን በከሰል፣ በጄኔሬተርና ጋራዥ ውስጥ በተነሣ መኪና ለማሞቅ ሞክረው ብዙዎች ታፍነዋል፤ በሂውስተን ከሞቱት መካከል ወገኖቻችንም ነበሩ።

የአውሮራው፦

ሁሉንም አጥፍተን ወጥተናል፤ ደውያለሁ። የጋዝ ሽታ ግን ፈጽሞ የለም፤ በከንቱ ሰው እንዳላስቸገርኩ ነው የምፈራው።

ሲስተር ከዴንቨር፦

አላስቸገሩም። የጋዝ ሽታ የምንለው ጋዙ ሳይቃጠል ሲያፈስ እንዲታወቅ የተጨመረበት የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ስለዚህ አለመሽተቱ ምንም አይነግርዎትም።

በድንገተኛ ክፍል በነርስነት እሠራለሁ፤ ስለ እናትዎ ሦስት ነገር ልበል። ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው፤ ለዚህ ነው ጥቂቱም ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፈስ የሚከማቸው። ቤት ሲሆኑ የሚያማቸው፣ ሲወጡ የሚተዋቸው መሆኑ እኛ መጀመሪያ የምንጠይቀው ጥያቄ ነው፤ እናቶቻችን ግን «ብርድ መትቶኝ ነው»፣ «ግፊቴ ነው» ብለው ያልፉታል፤ ማቅለሽለሹንና ማዞሩንም ካልተጠየቁ አይናገሩም።

ሁለተኛ፣ ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ አይመኑት። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተሸከመውን ደም ኦክስጅን ከተሸከመው ስለማይለይ 98 እያሳየ ሰው ሊመረዝ ይችላል፤ የሚያስፈልገው የደም ምርመራ ነው። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ ንጹሕ አየር ላይ ከወጡ በኋላ በደም ውስጥ ያለው መጠን በአራት አምስት ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፣ በማስክ ንጹሕ ኦክስጅን ከተሰጠ ደግሞ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ። ስለዚህ «ይተዋቸዋል» ብለው ነገ ቢወስዷቸው ምርመራው ንጹሕ ሊመስል ይችላል። አሁኑኑ ይውሰዷቸው፤ ከቤት የወጡበትን ሰዓትና ማሞቂያችሁ በጋዝ የሚሠራ መሆኑን ለሐኪሙ ራስዎ ይንገሩት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከሜሪላንድ አንድ ነገር ልጨምር። እኔም አንድ ክረምት እንዲህ ተደናግጬ የጠራሁት ጠጋኝ «ሂት ኤክስቼንጀሩ ተሰንጥቋል፣ ዛሬውኑ አዲስ ፈርነስ ካልገዛህ ልጆችህ ይሞታሉ» ብሎ ብዙ ሺህ ዶላር ጠየቀኝ። ሂት ኤክስቼንጀር እሳቱን ከምንተነፍሰው አየር የሚለየው የብረት ክፍል ነው፤ በእርግጥም ከተሰነጠቀ ፈርነሱ መጥፋት አለበት። ግን ስንጥቁን በፎቶ አሳየኝ ብለው ጉዳዩን በገለልተኛ ሰው ቢያስጣሩ ምንም አይጎድልብዎትም። እኔ ፈርነሱን አጥፍቼ ሁለት ሌሊት በኤሌክትሪክ ማሞቂያ አሳለፍኩና ሁለተኛ ባለሙያ ትንሽ ካሜራ አስገብቶ አየው፤ የተባለው ስንጥቅ የፋብሪካ መጋጠሚያ መስመር ሆኖ ተገኘ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከተጠቀሙ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኩት እንጂ በማራዘሚያ ገመድ አይሁን።

ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ በኮሎራዶ «ሊፕ» የሚባለውን የማሞቂያ ወጪ ድጋፍ ይጠይቁ። ማመልከቻው ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ክፍት ነው፤ ሂሳብ ከመርዳት አልፎ የተበላሸ ፈርነስ እስከ ማስጠገን ይደርሳል።

የአውሮራው፦

ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ በሩን እንደሸፈንኩት ትተውት ሁለቱንም መሣሪያዎች አብርተው ለኩ፤ በጠባቧ ክፍል 46፣ በእናቴ መኝታ ቤት 31 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሆነው) ተገኘ። ብርድ ልብሱን ሲያነሡ ከጀርባው ላብ እንዳላበው ሰው ረጥቦ ነበር። የጋዝ ድርጅቱ ሰው የውኃ ማሞቂያውን ቀይ ወረቀት ለጥፎበት ዘጋው፤ ጋኑ አናት ላይ ያለው ፕላስቲክ ቀለበት እንኳ ወደ ውስጥ ቀልጦ ነበር። እናቴ አንድ ሌሊት ኦክስጅን ተሰጥቷቸው ወጥተዋል። «ከሰሉን እዚያው ጥዬው የመጣሁ መስሎኝ ነበር» አሉ።

ያልገባኝ ነገር፣ ከሠራተኞቹ አንዱ አላርሙ ባትሪ ቢኖረውም በዚህ መጠን ላይጮህ ይችል ነበር አለኝ። እንዴት ሊሆን ይችላል?

ባለመፍቻው፦

እግዚአብሔር ይመስገን። ያ የቀለጠ ቀለበት ጭሱ ወደ ታች እንደተመለሰ በቂ ምስክር ነው፤ ላቡም የውኃ እንፋሎቱ ነው።

ሰውዬው ያለው እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ የቤት አላርሞች የሚሠሩት በአንድ ደረጃ ነው፤ በ70 ፒፒኤም ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በ150 ከ10 እስከ 50 ደቂቃ፣ በ400 ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ እንዲጮሁ ነው የተሠሩት። በ31 ፒፒኤም ግን ሳምንታት ቢያልፉም ዝም ይላሉ። ሰው ተኝቶ እንዳይቀር እንጂ ራሱን እንዳያመው አልታሰቡም። አረጋዊ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የልብ ሕመምተኛ ባለበት ቤት ከ10 ፒፒኤም ጀምሮ ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ቢገዙ እኔ ገንዘብ አባከኑ አልልም።

መደበኛውን አላርም ግን ዛሬ ይመልሱት። በኮሎራዶ ከ2009 ወዲህ በጋዝ የሚሞቅ ቤት ሲሸጥ ወይም ሲከራይ ከመኝታ ክፍል በር በ15 ጫማ ርቀት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም እንዲኖር ሕጉ ያስገድዳል። የእርስዎ የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ድርብ አላርም ሳይሆን አይቀርም፤ ዕጣኑ የሚያስጮኸው የጭሱን ክፍል ነው፤ እርስዎ ባትሪውን ሲያወጡ ግን ሁለቱንም አጠፏቸው። ለየብቻ የሆኑትን ይግዙ፤ ከጀርባው የተጻፈውን የማብቂያ ዓመትም ይመልከቱ፣ ብዙዎቹ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው የሚያገለግሉት። አራት ጊዜ ጮኾ የሚያርፍ ድምፅ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሦስት ጊዜ ከሆነ ጭስ ነው፤ በየደቂቃው አንዴ ጭክ የሚለው ባትሪው ወይም ዕድሜው ማለቁን ነው የሚናገረው።

አዲሱ የውኃ ማሞቂያ ከተገጠመ በኋላ ያው ዕጣን ይጠቅምዎታል። መስኮቶቹን ዘግተው፣ የመታጠቢያ ቤቱንና የወጥ ቤቱን ማራገቢያ፣ የልብስ ማድረቂያውንም አብርተው፣ የውኃ ማሞቂያው አምስት ደቂቃ ያህል ከነደደ በኋላ የሚጨስ ዕጣን ጋኑ አናት ላይ ካለው ክፍተት አጠገብ ይያዙ። ጭሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ጥሩ ነው፤ ወደ እርስዎ ከተገፋ አጥፍተው ይደውሉ። የጋዝ ሽታ ካለ ግን ይህን አይሞክሩ፤ የመብራት ማብሪያ እንኳ ሳይነኩ ይውጡ።

ጠጋኙ ሲመጣም ፈርነሱ ለከፍታው ተስተካክሎ እንደሆነ ይጠይቁት። አውሮራ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የጋዙ መጠን ካልተቀነሰ እሳቱ አየር ያጥረዋል። ለብዙ መሣሪያዎች የሚሠራበት ልማድ ቦታው ከ2,000 ጫማ በላይ ከሆነ ከባሕር ወለል ጀምሮ ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ 4 በመቶ መቀነስ ነው።

ስለ ፊልተሩ ጠይቀው ነበር፤ ዘንግቼው። የቆሸሸ ፊልተር ፈርነሱን ከልክ በላይ አግሎ ያስጠፋዋል እንጂ በአምስት ሰከንድ አያስጠፋውም። አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ከሆነ ወር በወር አውጥተው ይዩት፤ ቢዘገይ በሦስት ወር ይቀይሩት፤ ጠርዙ ላይ ያለችው ቀስትም ወደ ፈርነሱ እንድታመለክት አድርገው ያስገቡት።