ለተመራቂዎች የምሰጠው የወርድ ቴምፕሌት ሲመለስ ፎርማቱ ይፈርሳል፤ ምን ላድርግ?

ጽሕፈት ቤት፣ አቶቴ (ሐዋሳ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚሠሩ ተማሪዎች በወርድ 2016 አንድ ቅርጽ አዘጋጅቼ በፍላሽ እሰጣለሁ። ወረቀቱ ኤ4 ነው። የግራ ህዳግ 3.8 ሳንቲ ሜትር፣ የቀሩት 2.5፤ አማርኛው ናያላ 12፣ እንግሊዝኛው ታይምስ ኒው ሮማን 12፣ የመስመር ርቀቱ 1.5። ሞልተው ለጥራዝ ሲያመጡት ግን ሌላ ሰነድ ይመስላል። ጥቁር የነበሩት አርእስቶች ሰማያዊ ይሆናሉ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት መስመር ከሌላው ይራራቃል፣ የመግቢያ ገጾቹ ሮማ ቁጥር ጠፍቶ ከሽፋኑ ጀምሮ 1፣ 2፣ 3 ይላል። ኖርማል የሚባለውን ዋና ቴምፕሌት አጥፍቼ ወርድ አዲስ እንዲፈጥር አደረግኩ፤ እሱም አልረዳም። የምታውቁ እባካችሁ።

የቢሮ ሶፍትዌር አሠልጣኝ (አዳማ)፦

እህቴ፣ ኖርማልን ማጥፋት ይህን ችግር አይፈታውም፤ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ዴቨሎፐር የሚለውን ትር ክፈቺ። ከሌለ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ከስተማይዝ ሪበን ገብተሽ ዴቨሎፐር ላይ ራይት አድርጊ። እዚያ ዶክመንት ቴምፕሌት የሚለውን ስትጫኚ የሚመጣው ሳጥን ላይ «አውቶማቲካሊ አፕዴት ዶክመንት ስታይልስ» የሚል አለ። ራይቱ በርቶ ከሆነ ጥፋቱ እዚያ ነው። ሰነዱ በተከፈተ ቁጥር ስታይሎቹን (ስም የተሰጣቸውን የአርእስትና የአንቀጽ ቅርጾች) ከተያያዘበት ቴምፕሌት እንደገና ይቀዳል። ከባዶ ገጽ የተነሳ ተራ ሰነድ የተያያዘው ደግሞ ከኖርማል ጋር ነው። ተማሪው ቤት ሲከፍተው የሚቀዳው ከተማሪው ኖርማል ነው ማለት ነው፤ በወርድ 2016 ደግሞ የአርእስት አንድ የፋብሪካ ቅርጽ ሰማያዊ ካሊብሪ ላይት 16 ነው። አንቺም ኖርማልን ስታጠፊ ወርድ የሚፈጥረው ያንኑ የፋብሪካውን ነው። ራይቱን አንሺና ሰነዱን ሴቭ አድርጊ።

ሁለተኛ፣ ለተማሪ ተራ ሰነድ አትስጪ። ሴቭ አዝ ብለሽ ከዓይነቶቹ ዝርዝር ወርድ ቴምፕሌት የሚለውን ምረጪ። ቴምፕሌቱን ሁለቴ ሲጫኑት አዲስ ሰነድ ይወጣል፣ ዋናው አይነካም። ከወርድ ውስጥ ፋይል፣ ኦፕን ብለው ከከፈቱት ግን የሚጽፉት ዋናው ላይ ነው፤ ይህን ለተማሪዎቹ ደጋግመሽ ንገሪያቸው።

የአርእስት ስታይሎቹን ሞዲፋይ ስትዪ ከታች «አውቶማቲካሊ አፕዴት» የሚል ሌላ ራይት አለ። ስሙ ቢመሳሰልም ሥራው ይለያል፤ አንዱን አርእስት መሀል ሲያደርጉት ሁሉም መሀል ይሆናል። እሱንም አጥፊው። ለአካል ጽሑፉ ኖርማል የሚባለውን ስታይል (ከቴምፕሌቱ ጋር ስሙ ብቻ ነው የሚመሳሰለው) ከመጠቀም የራሱን ስታይል ፍጠሪለት፣ «ቤዝድ ኦን» የሚለውን ኖ ስታይል አድርጊው።

የኅትመት ገጽ አቀናባሪ፦

የመስመሩን መራራቅ በተመለከተ፦ ወርድ 1.5 ሲባል የሚያባዛው መስመሩ ላይ ያሉትን ፎንቶች ቁመት ነው። ሁለት ፎንት ሲቀላቀል ከሁለቱ ከፍ ያለውን ራስና ዝቅ ያለውን እግር ይይዛል፤ ስለዚህ ቁመቱ አንድ ፎንት ብቻ ካለበት መስመር ሊበልጥ ይችላል። ፓራግራፍ ውስጥ ላይን ስፔሲንግን ከ1.5 ወደ ኤግዛክትሊ ቀይሪና 21 ነጥብ ጻፊ። ለታይምስ 12 የ1.5 ርቀት ወደ 20.7 ስለሚጠጋ ዓይን ላይ ልዩነት አይታይም።

አንድ ጥንቃቄ አለው። ኤግዛክትሊ ባለበት አንቀጽ ውስጥ ሥዕል ከገባ ከታች የአንድ መስመር ያህል ብቻ ይታያል፣ የቀረው ይቆረጣል። ስለዚህ ለሥዕል ሲንግል የሆነ የራሱ ስታይል ይኑረው።

ናያላንም አስቢበት። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ በራሱ አይመጣም፤ ከሴቲንግስ ኦፕሽናል ፊቸርስ ገብቶ የኢትዮጵያ ተጨማሪ ፎንቶችን መጫን ያስፈልጋል። ካልተጫነ ወርድ በሌላ ፎንት ይተካዋል፣ የስም ሳጥኑ ላይ ግን «ናያላ» ማለቱን አይተውም፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነው። እውነቱን ለማየት ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ውስጥ ፎንት ሰብስቲቱሽን የሚለውን ቁልፍ ተጫኚ። እኔ ብሆን አቢሲኒካ ኤስአይኤልን እመርጣለሁ፤ ነፃ ፈቃድ ስላለው ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ ኤምቤድ ፎንትስ ብለሽ ከፋይሉ ጋር መላክ ትችያለሽ። «የተጠቀምኩባቸውን ፊደላት ብቻ» የሚለውን ግን አጥፊ፣ ተማሪው ሌላ ፊደል መጻፉ አይቀርም።

የቢሮ ሶፍትዌር አሠልጣኝ (አዳማ)፦

የገጽ ቁጥሩ ቀርቶ ነበር። ተማሪዎቹ ሴክሽን ብሬኩን (ሰነዱን በክፍል የሚለየውን ምልክት) ሳያዩት አጥፍተውታል። የአንድ ክፍል የገጽ ቅንብር የሚቀመጠው በክፍሉ መጨረሻ ባለው ብሬክ ላይ ነው፤ ብሬኩ ሲጠፋ ከላይ ያለው ጽሑፍ የታችኛውን ክፍል ቅንብር ይወርሳል። ሮማው የጠፋው ለዚህ ነው። ከምዕራፍ አንድ በፊት ሌይአውት፣ ብሬክስ፣ ኔክስት ፔጅ አስገቢ። በታችኛው ክፍል ግርጌ ውስጥ ሊንክ ቱ ፕሪቪየስን አጥፊ፤ ከዚያ ላይኛውን ክፍል በፎርማት ፔጅ ነምበርስ ሮማ፣ ታችኛውን ስታርት አት 1 አድርጊ። ለሽፋኑ ዲፈረንት ፈርስት ፔጅ ይበቃል። ተማሪዎቹ ብሬኩን እንዲያዩት ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ 8 ተጭነው ይሥሩ።

ጽሕፈት ቤት፣ አቶቴ (ሐዋሳ)፦

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሞቼ። ራይቱ እውነትም በርቶ ነበር፣ አጠፋሁት። ተማሪዎች ጋ ያሉት፣ ቀድሞ የተሞሉት ሰነዶችስ እንዴት ይመለሳሉ?

የኅትመት ገጽ አቀናባሪ፦

መጀመሪያ ኮፒ ያዢ። ዶክመንት ቴምፕሌት ሳጥን ውስጥ አታች ብለሽ የተስተካከለውን ቴምፕሌት ምረጪ፣ ራይቱን አብሪና ኦኬ በዪ፤ ስታይሎቹ ይመጣሉ። ወዲያው ተመልሰሽ ራይቱን አጥፊ። በእጅ የተነካካ አንቀጽ ካለ መርጠሽ ኮንትሮል ኪው ተጫኚ። ሁሉንም መርጠሽ ኮንትሮል ስፔስ እንዳትዪ፣ የመጻሕፍት ርዕሶች ላይ ያለውን ኢታሊክ ይጠርገዋል። ከዩኒኮድ (የሁሉም ቋንቋ ፊደላት የጋራ ኮድ) በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ አንቀጽ ካለ ደግሞ ፎንቱን ሳትነኪ አስቀድመሽ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ አዙሪው፤ እነዚያ ፊደላት የተቀመጡት በላቲን ቁልፎች ቦታ ስለሆነ አዲሱ ፎንት ሲያርፍባቸው ትርጉም የለሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይሆናሉ።