ሬሳው በሌለበት «እርም ማውጣት» ይባላል?

ከአዘዞ፦
ወንድም እህቶቼ፣ እግዜር ያጥናን። የኔታ እያልን የምንጠራቸው፣ ቃል በቸገረን ቁጥር ደጃቸውን የምናንኳኳው ሰው፣ ልጃቸው ዘንድ ባሕር ማዶ እንደሄዱ ዐርፈዋል። ቀብራቸውም እዚያው ሆኗል። እሑድ እዚሁ ጎንደር፣ ቀሐ ኢየሱስ ከቅዳሴ በኋላ እኅታቸው ቤት ፎቷቸውን ይዘን ልናለቅስ ነው። ለእናቴ ስነግራት «ይሁን፣ እርማችሁን አውጡ» አለችኝ። እኔ ግን «እርምህን አውጣ» ማለት «ተስፋህን ቁረጥ» ይመስለኝ ነበር፤ በሬ ለጠፋበት ሰው እንዲያ ሲሉ ነው የሰማሁት። የኔታ ቢኖሩ እሳቸውን እጠይቅ ነበር። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ከማራኪ፦
የእናትሽም ያንቺም ልክ ነው፤ የእናትሽ ግን ይቀድማል። «እርም» የግእዙ «ሕርም» ነው፤ የተከለከለ፣ የማይነካ ማለት ነው። አማርኛ የጉሮሮ ድምፁን ሲተው «ሕ» «እ» ሆነ። «ሁለተኛ እርም ይሁንብኝ» ስንልም ያው ክልከላው ነው። ታዲያ ለቅሶ ላይ የተከለከለው ምንድን ነው? አያቴ ስትነግረኝ፣ የዘመዱን ሞት ሳይሰማ የሰነበተ ሰው የበላው እህል ሁሉ እርም ነው። «የወንድሟን እርም ስትበላ ከረመች» ትል ነበር፤ ሳታለቅስለት ጎረሰች፣ ሳቀች፣ ነጭ ለበሰች ለማለት። መርዶው ደርሷት አልቅሳ ሲወጣላት ያ ክልክል ከላይዋ ይነሣል። «አወጣች» የተባለው ለዚህ ይመስለኛል። እንግዲህ ሬሳውን ላላየ፣ አፈር ላላለበሰ ሰው ቃሉ በልኩ የተሰፋ ነው። ተስፋ መቁረጡም ከዚሁ የመጣ ነው፤ እርሙን ያወጣ ሰው መንገድ መንገድ ማየቱን ይተዋል፣ በሬ የጠፋበትም እንዲሁ።

እኔ የኔታ ካረፉ በኋላ ሦስት ቀን ሳልሰማ ቆይቻለሁ። ሠርግ ቤት ነበርኩ። ጠጅ ጠጥቻለሁ፣ እስክስታ ወርጃለሁ። ይህ ከልቤ አልወጣ ብሎኛል። እሑድ እመጣለሁ።

ከአራዳ፦
እኔም አንድ ቃል አለኝ። «ተረዳሁ» ዛሬ «ገባኝ» ብቻ ሆኖ ቀረ። የሰፈራችን አዛውንቶች ግን «እገሌ ተረዳ ወይ?» ሲሉ መርዶ ተነገረው ወይ ማለታቸው ነው። ማርዳት፣ መርዶ፣ መረዳት አንድ ቤት ናቸው። በወጉ መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ባለበት ነው። እኔን ያረዳኝ ስልክ ነው፣ ገበያ መሀል ቆሜ። በርበሬዬን አስመዝኜ ከፍዬ ቤቴ ገባሁ። ሰምቻለሁ፤ ገና አልተረዳሁም።

ከአዘዞ፦
ጋሼ፣ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ሙሾውን እያሰብኩ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ የተባለውን ታውቁታላችሁ፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

ይህን ያስረዱን የኔታ ነበሩ። «አንድ» እዚህ ላይ ቁጥር እንዳይመስላችሁ፣ አቻ የሌለው ማለት ነው ብለው፣ ሁለተኛውን ስንኝ ቀስ እያሉ ደገሙልን። እሑድ ሙሾ የምታወጣው እናቴ ናት። ከዚያ ግጥም «አንድ ሰው ሞተ» የምትለዋን ብቻ ወስዳ የራሷን ትግጠምባት ብያታለሁ።

እዝኑን እኛ ከአዘዞ ይዘን እንመጣለን። ጋሼ፣ ፎቶው እርስዎ ዘንድ ነው፤ እንዳይረሱት።