ዜማው የማን ነው? በሌድ ዘፔሊን ክብር ላይ የተደረገ ክርክር

አወያይ፦
ውድ አባላት፣ ጥያቄውን ላስቀምጥ። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ሌድ ዘፔሊን ከጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ሙዚቀኞች ግጥምና ዜማ ወስዶ በራሱ ስም አሳትሟል። ባንዱ በ1968 ለንደን ውስጥ ተመሥርቶ እስከ 1980 ቆየ። ጂሚ ፔጅ በጊታር፣ ሮበርት ፕላንት በድምፅ፣ ጆን ፖል ጆንስ በቤዝ ጊታርና በኪቦርድ፣ ጆን ቦንሃም በድራም ተጫውተዋል። በአሜሪካ ብቻ ከ110 ሚሊዮን በላይ አልበም ተሸጦላቸዋል። ይህን ባንድ ከታላላቆቹ ተርታ ማስቀመጥ ይገባል ወይስ አይገባም? ካልተጠቀሰ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁኑ።

የቺካጎዋ፦
አይገባም። ምክንያቴን በአንድ ዘፈን ልጀምር። «ሆል ሎታ ላቭ» በጥቅምት 1969 በወጣው ሁለተኛ አልበማቸው ላይ ያለ፣ በዓለም ያስጠራቸው ዘፈን ነው። የግጥሙ ዋና ዋና ስንኞች ግን የብሉዝ ደራሲው ዊሊ ዲክሰን ደርሶት ዘፋኙ መዲ ዎተርስ በ1962 ካስቀረጸው «ዩ ኒድ ላቭ» የመጡ ናቸው። ሸክላው ላይ የሰፈረው የአራቱ የባንዱ አባላት ስም ብቻ ነበር። ዲክሰን በ1985 ከሰሰ፤ ጉዳዩ በ1987 በስምምነት አለቀ። ደራሲው የራሱን ሥራ የራሱ ለማስባል ዐሥራ ስምንት ዓመት ፈጀበት።

«አላወቁም ነበር» የሚለውን መከላከያ አልቀበልም። በዚያው ዓመት በጥር የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ሁለት የዲክሰን ዘፈኖች አሉበት፤ ስሙም በአግባቡ ተጽፏል። በጥር የሚያውቁትን ደራሲ በጥቅምት እንዴት አጡት?

የምኖረው ቺካጎ ነው። ሳውዝ ሚሺጋን ጎዳና ቁጥር 2120 ላይ ያለው፣ የብሉዝ ሸክላ ያሳትም የነበረው የቼስ ሪከርድስ የቀድሞ ሕንፃ ዛሬ ዲክሰን ያቋቋመው ድርጅት መቀመጫ ነው። መቅረጫ ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፤ ከዚያ የወጣው ሙዚቃ ስንቱን ባንድ ባለጸጋ እንዳደረገ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ሸክላ ሰብሳቢው፦
እህቴ፣ ቁጭትሽን እጋራለሁ፣ ፍርድሽን ግን አልጋራም። ብሉዝ ገና ከጅምሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ ሙዚቃ ነው። የዴልታ ብሉዝ ንጉሥ የሚባለው ሮበርት ጆንሰን እንኳ ከሌላው የብሉዝ ሙዚቀኛ ከኮኮሞ አርኖልድ ወስዶ ሠርቷል፤ ማንም ሌባ አላለውም። የእኛስ አዝማሪዎች ስንኝ ሲቀባበሉ አልኖሩም? ትዝታን የዘፈነ ሁሉ ከማን አስፈቀደ?

ደግሞ ሁሉንም በአንድ ዓይን አንመልከተው። «ቤብ አይም ጎና ሊቭ ዩ» የተባለውን ዘፈን ፔጅ የሰማው ከዘፋኟ ጆን ባኤዝ የ1962 አልበም ነው። እዚያ ላይ የሕዝብ ዜማ ተብሎ ተጽፎ ስለነበር እርሱም እንዲሁ አድርጎ አሳተመው። ደራሲዋ አን ብሬደን መሆኗ ሲታወቅ ስሟ ከ1990 ጀምሮ ገብቷል። ይህ ስርቆት አይባልም።

የሕግ ባለሙያዋ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። ትዝታ ቅኝት ነው፤ ቅኝት ባለቤት የለውም። በትዝታ ቅኝት የተሠራ አንድ የታወቀ ዘፈን ግን ግጥም ጸሐፊ አለው፣ ዜማ ደራሲም አለው። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ለደራሲ ከገንዘቡ ሌላ በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ የሞራል መብት ይሰጠዋል። ዲክሰን በሕይወት የነበረ፣ በስሙ የሚታወቅ ደራሲ ነበር። እርሱን ደራሲያቸው ከጠፋ ጥንታዊ ስንኞች ጋር መደባለቅ ራሱ በደል ነው።

የተበደሉትም የብሉዝ ሰዎች ብቻ አይደሉም። «ዴዝድ ኤንድ ኮንፊውዝድ» በ1967 የዘፋኙ የጄክ ሆልምስ ዘፈን ነበር። ባንዱ በ1969 በፔጅ ስም ብቻ አወጣው፤ ሆልምስ በ2010 ከስሶ በስምምነት ጨረሰ።

በሌላ በኩል «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» በተባለው ዘፈናቸው ላይ የቀረበው ክስ ለእኔ ደካማ ነበር። ከስፒሪት ባንድ «ቶረስ» የተወሰደ ነው ተብሎ ተከሰው ሎስ አንጀለስ ላይ ተዳኙ። በ2016 ጁሪው ለባንዱ ፈረደ፤ በ2020 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን አልቀበልም አለ። በግማሽ ድምፅ ደረጃ በደረጃ የሚወርድ የጊታር አካሄድ የሁሉም ሀብት ነው፤ ማንም አጥር አያጥርበትም። አንዱን ክስ ስላሸነፉ ሌሎቹ ተሰረዙላቸው ማለት ግን አይደለም።

ድራም ተጫዋቹ፦
ስለ ሙዚቃው አንድም ሰው አላወራም፤ ልናገር። «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» የተባለውን አድምጡ። የመጀመሪያው ቅጂ የሜምፊስ ሚኒ እና የጆ ማኮይ ነው፤ በ1929 የተቀረጸ፣ በ1927 ስለደረሰው የሚሲሲፒ ጎርፍ የሚናገር፣ ሁለት ጊታርና አንድ ድምፅ ብቻ ያለው ፈጣን ዘፈን ነው። ሌድ ዘፔሊኖች የቦንሃምን ድራም ሄድሊ ግሬንጅ የሚባል ያረጀ ትልቅ ቤት ውስጥ፣ ከደረጃው ግርጌ አቆሙት። ቀራጩ አንዲ ጆንስ ሁለት ማይክሮፎን ከላይኛው ፎቅ አንጠለጠለ። ለትልቁ ከበሮ ለብቻው ማይክሮፎን አላስቀመጡለትም። ድምፁ በደረጃው ጉድጓድ ሽቅብ ተጉዞ፣ ግድግዳውን መትቶ ነው ማይክሮፎኑ ዘንድ የሚደርሰው። አመታቱ ከዘገየው ምት ኋላ ቀረት እያለ ሲወርድ ጎርፉ ራሱ ወደ ቤት የገባ ይመስላል። ይህን ከ1929ኙ ቅጂ ውስጥ ፈልጉት፤ የለም። የፈጠሩት እነርሱ ናቸው። በኋላም የራፕ ሙዚቀኞች ያንኑ ምት ወስደው ሠሩበት፤ ቢስቲ ቦይስ በ1986 አልበማቸውን የከፈቱት በእርሱ ነው።

የሙዚቃ መምህሩ፦
ወንድሜ ድራመሩ የተናገረው ትክክል ነው፤ እኔም ክርክሩ የሚፈታው እዚያው ላይ ይመስለኛል። በእኛ አገር ካሴት ሽፋን ላይ «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» ተብሎ ለየብቻ ይጻፋል። ቦንሃም በደረጃው ግርጌ የሠራው፣ ፔጅ ጊታር በጊታር ላይ እየደረበ የገነባው፣ ጆን ፖል ጆንስ በኪቦርድ የሞላው፣ ይህ ሁሉ ቅንብር ነው። በቅንብር ከሆነ በዘመናቸው የሚወዳደራቸው ጥቂት ነው፤ ለሠላሳ ዓመት ተማሪዎቼን ስለ ቅንብር ሳስተምር ከእነርሱ ሥራ ወደኋላ ብዬ አላውቅም። ጥፋታቸው የቅንብር ባለቤትነታቸውን ወደ ዜማና ግጥም ባለቤትነት ማሳደጋቸው ነው። ገንዘቡ ደግሞ ያለው እዚያ ነው። ዘፈኑ በሬዲዮ በተሰማ ቁጥር፣ ሌላ ዘፋኝ በተጫወተው ቁጥር የሚከፈለው ለደራሲው ነው፤ አቀናባሪ በአብዛኛው ድርሻ የለውም። ስለዚህ ስም መዝለል ክብር መንፈግ ብቻ ሳይሆን የደራሲውን ልጆች እንጀራ መውሰድም ነው።

ታዲያ ታላቅ ናቸው ወይ? በቅንብርና በአጨዋወት አዎን፣ ያለ ምንም ማቅማማት። በሌላ ሰው ዜማ ላይ ያገኙትን ክብር ግን ይመልሱ።

የዋሽንግተኗ፦
እኔ ስለ ዘፈን ሳይሆን ስለ ሰው ልጠይቅ። በ1973 ታምፓ ላይ 56,800 ሰው ፊት ተጫውተው ቢትልስ ኒው ዮርክ ውስጥ «ሺ» በሚባለው ስታዲየም የያዘውን ክብረ ወሰን ሰበሩ። በዚያው ዓመት «ስታርሺፕ» በሚባል የተከራዩት ቦይንግ አውሮፕላን መጓዝ ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ «አይሆንም» የሚላቸው ሰው አልነበረም። በሐምሌ 1977 ኦክላንድ ላይ የዝግጅቱ ባለቤት የቢል ግራሃም ሠራተኛ ከመድረክ ጀርባ ክፉኛ ተደበደበ። ቦንሃምና ማናጀሩ ፒተር ግራንት ጨምሮ አራት ሰዎች ተከሰው በገንዘብ ቅጣትና በገደብ ታለፉ። በሎስ አንጀለስ የሮክ ዓለም በነዚያ ዓመታት ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጃገረዶች በየሆቴሉ ይገኙ እንደነበርም የታወቀ ነው። ይህን ሁሉ «የሮክ ሕይወት ነው» እያልን በፈገግታ ስንተርከው ኖረናል። እናት ነኝ፤ ልቤ አይቀበለውም።

ድራም ተጫዋቹ፦
እህቴ፣ በዚህ ላይ አልከራከርሽም። ቦንሃም የሞተው በመስከረም 1980 በ32 ዓመቱ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 40 መለኪያ የሚጠጋ ቮድካ ጠጥቶ በፔጅ ቤት ተኝቶ እያለ ትውከት አንቆት ሞተ። ብዙ ወጣት ድራመሮች መጠጡን የአጨዋወቱ ምንጭ አድርገው ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ውሸት ነው። መጠጡ ያንን እጅ ነው የቀማን።

ሸክላ ሰብሳቢው፦
ልጄ፣ ስለ ቦንሃም ያልከው እውነት ነው። ስለ ግራንት ግን አንድ ነገር ይጨመር። ከእርሱ በፊት ትርኢት አዘጋጆች ከገቢው ትልቅ ድርሻ ይወስዱ ነበር፤ እርሱ ከመግቢያው 90 በመቶውን ለባንዱ አስከፍሏል። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሙዚቀኛ ሁሉ በዚያ ተጠቅሟል።

ሌላም አለ። በሐምሌ 13 ቀን 1985 ወሎና ትግራይ በረሃብ ሲያልቁ፣ ቦንሃም ከሞተ በኋላ የተበተነው ይህ ባንድ ፊላደልፊያ ላይ ለረሃብተኞች እርዳታ በተዘጋጀው የላይቭ ኤይድ መድረክ ተገናኘ። ፊል ኮሊንስና ቶኒ ቶምፕሰን በድራም አገዟቸው። በቂ ልምምድ አልነበራቸውም፣ የፔጅ ጊታር ከቅኝት ወጥቶ ነበር፣ የፕላንት ድምፅ ሻክሯል። ስላፈሩበትም በ2004 በዲቪዲ እንዳይወጣ ከለከሉ። ይሁን እንጂ ለእኛ ሰዎች ብለው ቆመዋል። እኔ ይህን አልረሳም።

የቺካጎዋ፦
ጋሼ፣ እኔም አልረሳም፤ ያን ቀን መድረኩ ላይ የቆመን ሁሉ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ዲክሰን የከሰሰው በዚያው በ1985 ነው። ለተራበው የእኛ ሕዝብ የቆሙ ሰዎች የእርሱን ስም ገና አልመለሱም ነበር። ውለታችን የእርሱን ዕዳ አይከፍልም፤ እኛም በእርሱ ስም ይቅርታ የማድረግ ሥልጣን የለንም።

ወንድሜ ድራመሩ ወዳነሳው ዘፈን ልመለስ። ሜምፊስ ሚኒ በ1973 በድህነት ሞተች። መቃብሯ ላይ ድንጋይ የቆመው በ1996 ነው፤ ወጪውን የሸፈነችው ዘፋኟ ቦኒ ሬይት ናት። ሌድ ዘፔሊኖች በ1971 ዘፈኑን ሲያወጡ ስሟን ከራሳቸው ጋር ጽፈዋል፤ ይህን ለእነርሱ እቆጥርላቸዋለሁ። በ1929 ግን ያንን ዘፈን በድምፁ የዘፈነው ጆ ማኮይ ነው፤ የእርሱ ስም በሌድ ዘፔሊኖች ሸክላ ላይ የለም። መምህር፣ እርስዎ «ይመልሱ» ብለዋል። ከዚህ ይጀመር።

የሙዚቃ መምህሩ፦
የማኮይ ስም መግባት አለበት። አልበሙ እንደገና በታተመ ቁጥር ይህን ማስተካከል የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ሸክላ ሰብሳቢው፦
በማኮይ ጉዳይ ከእናንተ ጋር ነኝ፣ ይጻፍ። ባንዱን ከታላላቆቹ ተርታ ማውረዱን ግን አሁንም አልቀበልም። ማንም የሚቃወመኝ ካለ፣ በ1971 የወጣውን አራተኛውን አልበማቸውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አድምጦ ከዚያ ውስጥ የቱን ዘፈን እንደሚጥል ይንገረኝ።