የሳሙና ማስታወቂያ መጨረሻ ላይ ለምን ሁሌ ወንድ ይናገራል?

ድምፀ መረዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሥራዬ ለሬዲዮና ለቲቪ ማስታወቂያ ድምፅ መስጠት ነው። ድሮ የሚሰጠኝ ስክሪፕት ያው አንድ ዓይነት ነበር። የባሏ ሸሚዝ አልነጣ ያላት ሚስት አለች። ጎረቤቷ መጥታ ስለ ዱቄት ሳሙናው ትነግራታለች፣ ሸሚዙ ይነጣል፣ ባልየው ፈገግ ይላል። ሚስቲቱንም ጎረቤቲቱንም ሆኜ አውቃለሁ። አሁን ሴትዮዋ መሐንዲስ ሆናለች፣ መኪና ትነዳለች። ደስ ይላል። ግን ማታ ቤት ስትገባ ሸሚዙ አሁንም እሷን ነው የሚጠብቀው! መጨረሻ ላይ ደግሞ የምርቱን ስም የሚጠራው ጎርናና የወንድ ድምፅ ነው። በቀደም "ይቺንም እኔ ልበላት" ብል፣ "ክብደት አይኖረውም" ተባልኩ። ሌላ አገርም እንዲህ ነው እንዴ?

የሕግ ሰው፦
እህቴ፣ ሕግስ አለ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 በፆታ ምክንያት የሰውን ክብርና እኩልነት የሚነካ ማስታወቂያ ይከለክላል። ግን ለአንድ ሸሚዝ ብሎ ማን ይከሳል? ስክሪኑን የለወጠው ሌላ አዋጅ ነው፣ 1112/2011። የአልኮል ማስታወቂያ ከቲቪና ከሬዲዮ ሲወጣ፣ ቢራ ይዘው የሚደንሱት ቆነጃጅትም አብረው ወጡ። የሚገርመው፣ አዋጁ የምግብና የመድኃኒት እንጂ የሴቶች ጉዳይ አይደለም።

ለንደን ነኝ፦
እዚህ ከጁን 2019 ጀምሮ ሴትን ወይም ወንድን በጎጂ መልኩ የሚፈርጅ ማስታወቂያ ክልክል ነው። መጀመሪያ ከታገዱት አንዱ የቮልስዋገን ነበር። ወንዶቹ ጠፈር ላይ ይንሳፈፋሉ፣ ሴትየዋ የሕፃን ጋሪ አጠገብ ቁጭ ብላለች። ሌላው የፊላደልፊያ አይብ ነው፤ አባቶች በምግብ ተዘናግተው ልጆቻቸውን ይረሳሉ። እሱ እንኳ ወንዶቹን ነው የሰደበው።

የሺ፦
እኔ የምወደው የሕንዱን ኤሪያል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 "ልብስ ማጠብ የሴት ሥራ ብቻ ነው ወይ?" ብሎ ጀመረ። በ2016 ደግሞ አንድ አባት ልጁ ከሥራ ገብታ ስትባክን ያያታል፣ ባሏ ቲቪ ላይ ተጥዷል። አባትየው በደብዳቤ ይቅርታ ይጠይቃታል፤ እናቷን አግዞ ስለማያውቅ። ከዚያ ቤቱ ሄዶ ልብስ ያጥባል። ሳሙና ሻጭ አስለቀሰኝ ብል ማን ያምነኛል!

ድምፀ መረዋ፦
የሺዬ፣ አየሁት። እኔንም አስለቅሶኛል። ግን ልብ ብለሻል? ደብዳቤውን የሚያነበው አባትየው ነው። እዚህም የወንድ ድምፅ! የሕግ ሰው፣ አዋጅህ ስለ ድምፅ የሚለው ነገር የለም?