አስቸኳይ፦ 29 መሆን የነበረበት 26 ሆነብኝ

የሜሪላንዱ አባት፦
ወገኖቼ፣ ድረሱልኝ። ልጄ ነገ ጠዋት የምታስረክበው ሰንጠረዥ አልገጥም ብሎን እራታችን ቀዝቅዟል። 29 መምጣት ሲገባው 26 ይመጣል። ከጎኑ ያለው ሳጥን ደግሞ ቁጥር ትቶ ስህተት ብሎ ይጽፋል። ምን ላድርግ?

ቀልድ አዋቂ፦
ዕቁብ ከሆነ ሦስት ሰው አልከፈለም። ዳኛውን ያዝ።

አጥፍተህ አብራ፦
ኮምፒውተሩን አጥፍተህ እንደገና አብራው።

የሜሪላንዱ አባት፦
ሁለት ጊዜ አጥፍቻለሁ። ዕቁብም አይደለም፣ ቤዝቦል ነው። የኒውዮርክ ያንኪስና የብሩክሊን ዶጀርስ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 1956 ያንኪስ 2 ለ 0 ያሸነፈበት። መምህሯ የሰጠቻቸው ማረጋገጫ እንዲህ ይላል፦ የአንድ ቡድን ተጫዋቾች ለመምታት የቀረቡበት ብዛት፣ ካስገቡት ነጥብ፣ ቤዝ (እየሮጡ የሚደርሱበት ማረፊያ) ላይ ከቀሩትና ከወጡት (ተራቸው ከከሸፈባቸው) ድምር ጋር እኩል ይሆናል። ያንኪስ 2 ነጥብ፣ 3 የቀሩ፣ 24 የወጡ፤ 29። ከስማቸው ጎን ያለውን «የመምታት ተራ» ስደምር ግን 26።

ጋሽ መዝገቡ፦
መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይገባል። ይህን ዓይነት ሰንጠረዥ በ19ኛው መቶ ዘመን ያዳበረው ሄንሪ ቻድዊክ ነው፤ እንግሊዝ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ጋዜጠኛ፣ ክሪኬትንም ይዘግብ የነበረ። የያዝከው ጨዋታ ደግሞ ተራ ጨዋታ አይደለም። የያንኪሱ ወርዋሪ ዶን ላርሰን በ97 ውርወራ 27 ሰው ተቀብሎ 27ቱንም መለሰ፤ አንድም ሰው የመጀመሪያውን ቤዝ አልረገጠም። በዓለም ዋንጫቸው ታሪክ ሌላ እንዲህ ያለ ጨዋታ የለም። መጨረሻ የቀረበው ዴል ሚቼል ሳይመታ ቆሞ ቀረ፤ ያዡ ዮጊ ቤራ ሮጦ ላርሰን ላይ ተንጠለጠለ። ፎቶግራፉን ሳታዩት አትቀሩም።

ቀልድ አዋቂ፦
ጋሽዬ፣ ልጅቷ የምታስረክበው ነገ ጠዋት ነው።

ልጓም፦
ጥያቄው ራሱ ተሳስቷል። ጨዋታው 9 ዙር ነው፣ በየዙሩ 3 ሰው ይወጣል። 24 ሳይሆን 27 መሆን አለበት። ደግሞስ የቤት ሥራው የማን ነው? የአባትየው?

የእሑድ ተመልካች፦
ልጓም፣ አይደለም። ያንኪስ በሜዳው ነበር፤ ባለሜዳው ሁልጊዜ ኋላ ይመታል። እየመራ ስለነበር በዘጠነኛው ዙር መምታት አላስፈለገውም። 8 ዙር በ3 ሲባዛ 24። በየዙሩ ነጥብ ተራ ላይ በመጨረሻው ሳጥን ያለችው የኤክስ ፊደል ይህንኑ ነው የምትለው። ስህተት የሚጽፈውም በእርሷ ምክንያት ይመስለኛል፤ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ በመደመር ምልክት አያይዘሃቸዋል፣ ፊደል ደግሞ አይደመርም። በድምር ትእዛዙ ከዳር እስከ ዳር ብትመርጣቸው ፊደሏን ዘሎ 2 ይሰጥሃል።

26 ደግሞ ትክክል ነው፣ እንዳትነካው! ያ ዓምድ የቀረበውን ሁሉ አይቆጥርም። የዶጀርሱ ሳል ማግሊ በአራት የሳተ ውርወራ በነፃ ወደ ቤዝ ያሳለፋቸው ስላውተርና ማክዱጋልድ በዚያ ተራቸው አልተቆጠረላቸውም። ሦስተኛው ራሱ ላርሰን ነው። በስድስተኛው ዙር ኬሪ አንደኛው ቤዝ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ላርሰን ኳሷን ነካ አድርጎ ራሱ ወጣና ኬሪን ወደ ሁለተኛው አሻገረው። ወዲያው ባወር መታ፣ ኬሪ ገባ፤ ሁለተኛዋ ነጥብ ያቺ ናት። የመጀመሪያዋን ማንትል በአራተኛው ዙር ኳሷን ከሜዳ አውጥቶ አስቆጥሯታል። ላርሰን እንዳደረገው ራስ ወጥቶ ሌላውን ማሻገር መስዋዕት ይባላል፤ እርሱም እንደ ተራ አይቆጠርም። 26 ሲደመር 2 ሲደመር 1፤ 29።

አጥፍተህ አብራ፦
ሞደሙንም አጥፍተህ ሞክር።

ልጓም፦
ስለ 24ቱ ተቀብያለሁ። የቤት ሥራው ግን አሁንም የልጅቷ ነው።

እትዬ ጥሩዬ፦
እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፣ ቤዝቦል አላውቅም። የብሩክሊንን ብደምረው ግን ደስ አለኝ፦ 0 ነጥብ፣ 0 የቀረ፣ 27 የወጣ። ስሞቹ አሥር መሆናቸው አያስደንግጥህ፤ ስምንቱ ሦስት ሦስት ጊዜ፣ ማግሊ 2፣ በእርሱ ቦታ የገባው ሚቼል 1። እንዲህ የጠራ መዝገብ በሥራ ዘመኔ አላየሁም።

የእሑድ ተመልካች፦
የሜሪላንዱ፣ እንዴት ሆነ? ልጅቷ አስረከበች?

እትዬ ጥሩዬ፦
ሁለት ቀን ሆነው እኮ፣ ድምፁ ጠፋ።

ቀልድ አዋቂ፦
ቤዝ ላይ የቀሩ፦ 1።